የኖርሊ መጋረጃዎች

ኮምቦልቻ ያለችው ታላቅ እህቴ በስልክ በተገናኘን ቁጥር፣ ሰላምታው እንዳለቀ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር አላት። የአሜሪካ ባላገር የት ነው የሚኖረው ትለኛለች፤ ያ ሁሉ እህል መቼም ከሱቅ አይበቅልም። እኔ ደግሞ ሚኒያፖሊስ፣ ሲዋርድ ሰፈር ይህን ያህል ዓመት ተቀምጬ መልስ አልነበረኝም። የማውቀው አሜሪካ ከቤቴ እስከ ብሉሚንግተን፣ ከብሉሚንግተን እስከ ቤቴ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን አላህ ሲለው ባላገራቸውን አየሁ፤ ቤታቸው አደርኩ፣ ማዕዳቸውን ቀመስኩ፣ መንደራቸውንም አንድ ጧት በድንጋጤ ልገድለው ነበር። ለእህቴና እዚያ ለማትደርሱ ሁሉ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

የጉዞው ምክንያት እማማ አይሪን ናቸው። እኔ ብሉሚንግተን ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። እማማ አይሪን ዳሌያቸውን ተሰብረው በረዶው ሲቀልጥ ወደኛ መጡ። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው እንደ ጭልፊት የሚያይ ሴት ናቸው። «እማማ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸውና በዚያው ቀረ። አሁን ድነው ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዘው ይራመዳሉ። ሐኪሙም ይሂዱ ብሏል። ወዴት ይሂዱ የሚለው ግን እናትና ልጅን አኳርፎ ነበር። ልጃቸው ካረን ዉድበሪ በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ትኖራለች፤ ክፍል አዘጋጅታ፣ አልጋ ገዝታ ትጠብቃለች። እናትዬው ደግሞ ኖርሊ ከምትባለው መንደራቸው በቀር የትም አልገባም አሉ። ኖርሊ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ሜዳው መሃል ናት፤ እዚያ ቤት ውስጥ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው።

ካረን አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይዛ አስቆመችኝ። ሥራ አይለቃትም፣ እስከ ቅዳሜ መምጣት አትችልም፤ እናቷ ግን ቤታቸውን ካላዩ አርፈው አይቀመጡም።

«ዘይነብ፣ አንቺ አብረሻት ሂጂና ሰንብቺ» አለችኝ። «ብቻዋን መኖር ትችላለች ካልሽ አምንሻለሁ። አትችልም ካልሽ ደግሞ እሷም የዘይነብን ቃል እቀበላለሁ ብላለች።»

እንግዲህ ይህ አማና ነው፤ በአንገቴ ተንጠለጠለ። እውነቱን ልናገርና እኔ ፍርዴን የሰጠሁት ገና ሻንጣዬን ሳልዘጋ ነበር። በኛ አገር ልጅ እያለች እናት ሜዳ ላይ ለብቻዋ አትተውም። ካረን ልክ ናት፣ እማማ አይሪን ቤታቸውን ተሰናብተው ይመለሳሉ ብዬ ነበር የተነሳሁት።

ረቡዕ ጧት የባሌ ታናሽ ወንድም ሰይድ በቢጫ ታክሲው ወሰደን። ኤርፖርት የሚሠራ ልጅ ነው፤ የአንድ ቀን ሥራውን ለኔ ሲል ተወ። እማማ አይሪንን ከፊት አስቀመጥናቸው፣ ምርኩዛቸውን ከኋላ አጣጥፈን ጫንን፣ እኔ ሚጥሚጣዬንና የሶላት መስገጃዬን ታቅፌ ገባሁ።

«እትዬ ዘይነብ፣ ዳይሬክሽኑን ፕሪንት አድርጌዋለሁ» አለኝ ወረቀቱን እያቀበለ። «ሀይዌዩን ስንለቅ ሪድ እያደረግሽ ንገሪኝ።»

ምንም የሚነበብ ነገር አልነበረም። ከኮምቦልቻ ደሴ ለመድረስ የሐረጎን ዳገት ስንት ጊዜ ተጠምዝዘን፣ ስንቱ ተሳፋሪ አስመልሶት ነው! እዚህ መንገዱ እንደተወጠረ ክር ነው፤ ከተማው ካለቀ በኋላ መሪውን ማዞር የሚባል ነገር የለም። ግራ ቀኙ የደረቀ በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ሜዳ አላውቅም አልልም፣ የቦርከና ሜዳ ዳር ነው ያደግሁት። የኛ ሜዳ ግን ዳርና ዳሩን ተራራ ይጠብቀዋል። የነሱን የሚያቆመው የለም፤ ዓይን ሄዶ ሄዶ ሲደክመው ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ፍርሃት ፍርሃት አለኝ።

ከዋናው መንገድ ከወጣን በኋላ ሰይድ ግራ ይጋባ ጀመር። ከፊት የሚመጣ መኪና ሁሉ፣ ነጂው ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ ያደርጋል። በኛ አገር ሾፌር ለሾፌር ምልክት ከሰጠ ወይ ትራፊክ ፖሊስ ከፊት አለ፣ ወይ ጎማህ ተንፍሷል ማለት ነው። ሰይድ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሁለተኛው ጣት ሲነሳ ከዚያም ቀነሰ። በሦስተኛው ዳር ይዞ ቆመና ወርዶ አራቱንም ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ። እማማ አይሪን ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ስነግራቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ለካ ሰላምታ ነው። ማንነትህን ባያውቁም ካገኙህ ጣታቸውን ያነሳሉ። ሰይድ ከዚያ ወዲያ እስከ መንደሩ ድረስ ጣቱን ሲያነሳ ሄደ፤ ማንም ሳያነሳለት አላለፈም።

የኖርሊ መግቢያ ላይ የነዋሪው ቁጥር የተጻፈበት አረንጓዴ ሰሌዳ አለ። በኛ ሰፈር አንድ ለቅሶ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከዚያ ይበልጣል። እማማ አይሪን ሰሌዳውን በጣታቸው አሳዩኝና «እኔም እዚያ ውስጥ ተቆጥሬያለሁ» አሉኝ። 

መንደሯ አንድ መንገድ ናት። ከባቡር ሐዲዱ ዳር የእህል ጎተራ ቆሟል፤ ቁመቱ የመስጊድ ሚናራ ያህላል። አንዲት ነጭ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፖስታ ቤት፣ ቀን ምግብ ማታ ቢራ የሚሸጥበት አንድ ቤት፣ መስኮቱ በጣውላ የታሸገ ትምህርት ቤት አላት። ልጆቹ አድገው ሄደዋል። የቀሩት አብዛኞቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ቢጫ ታክሲ መንደሩ ውስጥ ሲገባ ሁሉም ከቤቱ ብቅ ብሎ አየን። የመጀመሪያዋ የደረሰችልን ከፊት ለፊት የምትኖረው ዶሪስ ናት፤ የእማማ አይሪን እኩያ፣ ወፍራም፣ ቀይ ጉንጭ። ቤቱ አልተቆለፈም ነበር። ማሞቂያው በርቷል፣ አልጋው ተነጥፏል፣ ምድጃው ውስጥ ሆትዲሽ የሚሉት ምግብ ትኩስ ሆኖ ይጠብቀናል። ድንችና ሥጋ በአንድ ሳህን ከሾርባ ጋር የሚጋገር ነገር ነው።

ሥጋው የአሳማ ነበር። እኔና ሰይድ ተያየን። ሰው በደስታ ያቀረበውን አልበላም ማለት እንዴት ይከብዳል! እማማ አይሪን ገባቸውና ለዶሪስ በጆሮዋ ነገሯት። ዶሪስ ፊቷ ይበልጥ ቀላ፤ ወዲያው መንገዱን ተሻግራ ሄደች። አስቀየምናት ብዬ ስጨነቅ እንቁላል በመሶብ በመሰለ ቅርጫት፣ ዳቦና የፖም ኬክ ይዛ ተመለሰች። መጥበሻዋን ሳይቀር ከቤቷ አምጥታ፣ ይህ አሳማ ነክቶት አያውቅም አለችኝ። አዲስ ነበር፤ የመሸጫው ወረቀት ከሥሩ አልተላጠም። ሰይድ ጠግቦ በልቶ፣ ሳይመሽ ወደ ከተማው ተመለሰ።

ሐሙስ ጧት እማማ አይሪን ከኔ ቀድመው ተነሱ። ኮቴያቸውን ሰምቼ ልደግፋቸው ብወጣ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ምርኩዛቸውን እየገፉ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ሲሄዱ አገኘኋቸው። መስኮቱ ወደ መንገዱ የሚያይ ነው። ከላይ የሚጠቀለል፣ ጫፉን ሳብ አድርገው ሲለቁት ሽቅብ የሚሮጥ ቢጫ መጋረጃ አለው። እሱን ለቀቁትና ተመልሰው ወደ መታጠቢያ ቤት ሄዱ። ብርሃን ይወዳሉ አልኩና ተውኩት።

ስሰግድ የምዞርበትን ቂብላ እንዴት አገኘዋለሁ ብዬ ስጨነቅ ሰሜን ምሥራቅ የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ቀና ሳይሉ ወደ ስኳሩ ዕቃ አመለከቱኝ። እዚያ መንደር ቤት ውስጥ እንኳ ግራና ቀኝ አይሉም፤ ጨው ከምዕራቡ መደርደሪያ፣ ማንኪያ ከደቡቡ መሳቢያ ነው የሚሉት። ምልክት የሚሆን ተራራ የሌለው ሰው ምን ያድርግ! የኋላውን ክፍል ባዶ አድርገው ለሶላት ለቀቁልኝ፤ ግድግዳው ላይ የነበረውን የባላቸውን ፎቶ ራሳቸው አወረዱት። ያስቸግርሽ እንደሆን አላውቅም አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ሎይድ የሚባል ገበሬ በፒካፕ መጥቶ ወሰደን። ሰባን ያለፈ፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ገበሬነቱ ላይ የመንደሩ የእሳት አደጋ መኪና ኃላፊም እሱ ነው። በቆሎ እየታጨደ ነበር። በኛ አገር ደቦ የወጣ መንደር ቀኑን ሙሉ ዘፍኖ የሚያጭደውን፣ አንድ ሰው በአንድ መኪና ላይ ተቀምጦ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ይጨርሰዋል። አደነቅኩ፤ ግን አንድም ዘፈን አልሰማሁም። ሎይድን ለብቻህ አይከብድህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ባለፈው ዓመት ታሞ ሲተኛ ጎረቤቶቹ የየራሳቸውን ማጨጃ ይዘው መጥተው እርሻውን በአንድ ቀን አጭደውለት እንደሄዱ ነገረኝ። ደቦ አላቸው ማለት ነው፤ ዘፈን የሌለው ደቦ።

ማታ ሎይድ ራሱ ያጠመደውን ዓሣ ይዞ መጣ። የዶሪስን ጉድ ሰምቶ ዓሣ ይፈቀድልኝ እንደሆን አስቀድሞ ደውሎ ጠይቋል። ለምግባቸው ጨው እንኳ እንግዳ ነውና ሚጥሚጣዬን አወጣሁ። ሎይድ በማንኪያ አፍ ነስንሶ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አፍንጫው ቀላ፣ ግን ድምፁ አልወጣም። ውሃውን ከጨረሰ በኋላ «ለየት ያለ ነው» አለ። ከዚህ የባሰ ቃል እዚያ መንደር አይነገርም።

እማማ አይሪን እርሻው ዳር ሲቀመጡ የመታቸው ነፋስ ግን አልለቀቃቸውም። ዓሣውን ሳይጨርሱ ማስነጠስ ጀመሩ። ግንባራቸው ሞቀ። ዝንጅብልና ማር አፍልቼ አጠጣኋቸው፣ በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፤ አስተኛኋቸው።

አርብ ጧት ገብቼ ሳያቸው በላብ ተነክረው ጭልጥ ያለ እንቅልፍ ይዟቸዋል። አልሐምዱሊላህ፣ ላቡ ወጣ አልኩ። አሁን የምታነቡኝ የአገሬ ሰዎች ቀጥሎ ምን እንዳደረግሁ ታውቁታላችሁ። ያላበውን ሰው ፀሐይ ካገኘው ምች ይመታዋል፤ ዳማከሴ ደግሞ ሚኒሶታ አይበቅልም። ስለዚህ ቤቱን ሁሉ ዞሬ ብርሃን የሚገባበትን ዘጋሁ። የወጥ ቤቱን ቢጫ መጋረጃ እስከ ታች ወርዶ እንደሆነ አየሁ፣ ጫፉንም ነፋስ እንዳያነሳው በጨው ዕቃ አስያዝኩት። ስልኩ እንዳይቀሰቅሳቸው ከግድግዳው ነቀልኩት። በሩንማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እቆልፈው ነበር፤ የሚኒያፖሊስ ሰው ሳይቆልፍ አይተኛም። ይህን ሁሉ ካሰናዳሁ በኋላ፣ ሥራዋን እንደጨረሰች ሴት ኮርቼ፣ ታጥቤ ውዱዕ አድርጌ የማለዳውን የዱሃ ሶላት ልሰግድ ወደ ኋላው ክፍል ገባሁ።

ሁለተኛው ረከዓ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሶላት አይቋረጥም ብዬ ቀጠልኩ። ኳኳታው ድብደባ ሆነ። ከውጭ የሰዎች ድምፅ፣ የከባድ መኪና ሞተር ይሰማል። ልቤ ቤቱን ለቆ ሄደ፣ ምላሴ ግን አንቀጹን ይዟል። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ላይ እያለ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ ተንኮታኮተ። ሶላቱን እንዴት አሰላምቼ እንደጨረስኩ አላህ ይወቀው፣ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ ሮጥኩ።

ሎይድ በመስኮቱ ገብቶ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ውስጥ ነው፣ አንዱ ገና ደጅ ነው። ቢጫው መጋረጃ ከላይ ተጠቅልሎ ይሽከረከራል፣ የጨው ዕቃዬ ወለል ላይ ተሰብሯል። ከጀርባው፣ ዶሪስ በሌሊት ልብሷ ላይ የወንድ ካፖርት ደርባ ቆማለች። ከዶሪስ ኋላ የመንደሩ ሰው አለ፤ ከሱ ኋላ ቀዩ የእሳት አደጋ መኪና። አንዲት አሮጊት ምርኩዟን ትታ በጎረቤቷ ክንድ ላይ ተንጠልጥላ መጥታለች። ሁሉም እኔን ያየኛል፣ እኔም ሁሉንም አያለሁ።

እማማ አይሪን ከመኝታ ቤት ብርድ ልብሳቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«መጋረጃሽ አልተነሳም፣ አይሪን» አላቸው ሎይድ ገንዳው ውስጥ እንደተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩን የነገሩኝ። አንድ ክረምት ከመንደሩ ሴቶች አንዷ ቤቷ ውስጥ ወድቃ፣ ሰው ሳያውቅላት ቆይታ፣ ሲያገኟት ሞታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻውን የሚኖር ሁሉ ጧት ከሁሉ አስቀድሞ ወደ መንገድ የሚያየውን መጋረጃ ያነሳል። ዶሪስ የአይሪንን አይታ የራሷን ታነሳለች፣ ከሷ ቀጥሎ ያለው የዶሪስን ያያል፤ እንዲህ እያለ እስከ መንደሩ ጫፍ ይሄዳል። አንዱ ካልተነሳ ይደወላል። ስልኩ ካልተመለሰ ይኬዳል። ቤቱ ውስጥ እኔ መኖሬን ያውቃሉ፤ እንዲያውም እኔንም የማሞቂያው ጋዝ አፍኖኝ ይሆናል ብለው የባሰ ደነገጡ።

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ይቅርታ እየጠየቅሁ ስለ ምች አስረዳኋቸው፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚከብድ ሞክሩት። አንድም ሰው አልሳቀብኝም፣ አንድም ሰው አልተቆጣኝም። ዶሪስ በቁም ነገር አዳምጣ፣ እናቷም ጭንቅላቷን ታጥባ ነፋስ ላይ እንዳትቀመጥ ትከለክላት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ሄዶ፣ እማማ አይሪን ታመዋል ተብሎ፣ በየእጁ ሾርባ ይዞ ተመለሰ። ሎይድ መስኮቱን ጠገነ። እኔም አንዱን ክዳን እየከፈትኩ አንዱን እየዘጋሁ፣ ይህ እኮ እድር ነው አልኩ በሆዴ፤ የኛ እድር ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ቅዳሜ ካረን ደረሰች። ትኩሳቱ ለቋቸው ነበር። ስትገባ እናቷን ስማ፣ ወዲያው ወደኔ ዞረች። እማማ አይሪን ወንበራቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው። እኔም ፈራሁ። ይኑሩ ብዬ አንድ ነገር ቢሆኑ ደማቸው በእጄ ነው። ይሂዱ ብል ደግሞ ዉድበሪን አውቀዋለሁ፤ ቤቱ ያማረ ነው፣ ካረን ማልዳ ወጥታ ማታ ነው የምትገባው፣ ጎረቤት ጋራዡን በሪሞት ከፍቶ ይገባል፣ በሪሞት ይዘጋል። እዚያ መጋረጃው ሳምንት ባይነሳ የሚያይ የለም።

መጀመሪያ የሚያስፈራኝን ነገርኳት። የልብስ ማጠቢያው ምድር ቤት ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ በዚያ ደረጃ መውረድ የለባቸውም። ከዚያ የአርቡን ጉድ ከነገንዳው ነገርኳት። ካረን አፏን ይዛ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ስለ መጋረጃው ሰምታ አታውቅም ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?» አለቻቸው።

«ጠባቂ ያስፈልጋታል ትይ ነበራ።»

ካረን ወደኔ ተመለሰች። «ብትወድቅስ?»

«አይወድቁም አልልሽም» አልኳት። «ዶሪስም ትወድቅ ይሆናል፣ ሎይድም አርጅቷል። ግን እዚህ ወድቀው አይቀሩም።»

ካረን ተነስታ እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለችና ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። እማማ አይሪን ፀጉሯን እየደባበሱ መስኮት መስኮቱን ያያሉ፤ እንባቸው ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ማታ ላይ ሎይድና ሌላ ጎረቤት የልብስ ማጠቢያውን ከምድር ቤት አውጥተው ወጥ ቤቱ ጥግ ተከሉት። ሰይድም ሊወስደኝ መጥቶ ስለነበር አብሮ ተሸከመ።

እሑድ ጧት፣ ከመሄዳችን በፊት፣ እማማ አይሪን ወደ መስኮቱ ወሰዱኝ። ዛሬ አንቺ አንሺው አሉኝ። ጫፉን ሳብ አድርጌ ለቀቅኩት። ወዲያው ከመንገዱ ማዶ የዶሪስ ተነሳ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ተነሳ፣ ከዚያም ሌላው። እንዲህ እስከ ጎተራው ድረስ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር፤ ሲደረግ እንደዚያ ጧት ግን አላየሁም። ስንመለስ ሰይድ ሀይዌይ ላይ እስክንገባ ጣቱን ሲያነሳ ነበር።

ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ክረምቱ መጣ፣ በረዶው መውረድ ጀመረ፣ እኔ ያልኩት ቃል ሜዳው መሃል ተቀምጧል። ነፋሱ በጮኸ ቁጥር ምን አድርጌ ይሆን እላለሁ። አንድ ቀን በረዶው ከተማውን ሁሉ ዘግቶ፣ አውቶቡሱ ቆሞ ቤት ስውል ስልኬ ጮኸ። እማማ አይሪን ናቸው። ድምፃቸው ሞቅ ብሏል። እኔን ለማሳረፍ እንደደወሉ ነገሩኝ፤ ከኔ ቀድመው ለካረን ደውለዋል። በረዶው ሌሊቱን ከቤታቸው ግድግዳ ጋር ተከምሮ በሩንም መስኮቱንም ውጦታል። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ተነስተው መጋረጃውን አነሱ፤ ከመስታወቱ ማዶ ግን ነጭ ግድግዳ ነው፣ ማን ያየዋል? ወንበር ስበው ተቀመጡና ጠበቁ። ብዙም ሳይቆይ የአካፋ ድምፅ ሰሙ፣ ቀጥሎ ከበረዶው ውስጥ የሎይድ ባርኔጣ ብቅ አለ።

ሎይድ በሩን ትቶ በመስኮቱ ነበር የጀመረው።